ከአንድ ሜትር የምስተው ፓት፦ ልቤ ነው፣ እጄ ነው ወይስ ዱላው?

የበሬሳ_ማዶ (ደብረ ብርሃን) ሰኞ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ጎልፍ የሚጫወት ሰው ብዙ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያላችሁት ግን የምታውቁ ናችሁ፤ ለዚያ ነው የማነሳው። ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ጎልፍ የለመድኩት አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ የሰው ዕቃ እየተሸከምኩ። አሁን ሥራዬ ደብረ ብርሃን ነው። ከቤታችን ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው በኩል፣ በግ የጋጠውን ሣር በእጅ ማጨጃ አሳጥሬ፣ ጣሳ ቀብሬ ፓት (ኳሷን መሬት ለመሬት አንከባልሎ ጉድጓድ የማስገባቱን ምት) እለማመዳለሁ። በወር አንዴ 130 ኪሎ ሜትር ሄጄ ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ሜዳ ላይ እጫወታለሁ።

ጥቅምት ላይ በመጨረሻው ጉድጓድ አንድ ሜትር የማትሞላ ፓት ቀረችኝ። ከገባች አሸናፊ ነኝ። ቀጥ ያለች ናት፤ ዳገት የለ፣ ቁልቁለት የለ። መታሁ። በቀኝ በኩል የጉድጓዱን አፍ ታካ አለፈች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ድሮዬ አይደለሁም። ከሩቅ ስመታ ደህና ነኝ። አንድ ሜትር ሲሆን ግን እጄ የሌላ ሰው እጅ ይሆንብኛል። አንዱ ጓደኛዬ "ፓተርህ (ፓት የምመታበት ዱላ ማለቱ ነው) አርጅቷል፣ ያን ጭንቅላቱ ሰፊ የሆነውን ግዛ" ይለኛል፤ ዋጋው የሁለት ወር ደመወዜ ነው። ሌላው "ዱላው ምን አደረገህ፣ ልብህ ነው የፈራው" ይላል። እኔ ደግሞ አመታቴ የተበላሸ ይመስለኛል። ከሦስቱ የቱ ነው? እስቲ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ካዲ_ነበርኩ (ጠባሴ) ሰኞ፣ ማታ 3፡42

ልጄ፣ ልብህ ነው። ብዙ አትፈላሰፍ።

11 ዓመት ለሰው ዱላ ተሸክሜአለሁ። እኛ ካዲዎች ሜዳው በሚለቀቅልን ቀን ስንጫወት አንድ ፓተር ለስድስት ሰው ነበረን። እጀታው በብስክሌት ከመነዳሪ የተጠቀለለ፣ ፊቱ የተቧጨረ። ለአንዱ ይረዝማል፣ ለሌላው ያጥራል። በዚያ ዱላ ከሁለት ሜትር ደጋግሞ የሚያስገባ ልጅ ነበረን። ሲቆም ጥርጥር የለውም። አንዴ ያያል፣ ይመታል፣ ቀና ሳይል "ገባች" ይላል።

በሌላ በኩል ደግሞ በየዓመቱ ፓተር የሚቀይር ደንበኛ ነበረኝ። አዲስ በያዘ ቁጥር ለሁለት ሳምንት የመታው ሁሉ ይገባለታል። በሦስተኛው ሳምንት የድሮው ሰውዬ ይመለሳል። ያ ሁለት ሳምንት የልቡ ነው እንጂ የዱላው አይደለም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ገንዘብህን ያዝ።

ስፖርት_መምህር (ሸዋ ሮቢት) ሰኞ፣ ማታ 4፡15

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው፤ በዚህ ግን አልስማማም። ልጁ በቀኝ በኩል አለፈች ነው ያለው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ሁልጊዜ በቀኝ ነው ወይ?" የሚለው ነው። ሁልጊዜ በአንድ በኩል ከሆነ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ የእጅ ነገር አለበት።

ቁጥሩን ልንገርህ ወንድሜ። የጉድጓዱ ስፋት የትም አገር 108 ሚሊ ሜትር ነው። ከመሐሉ እስከ ዳሩ 5.4 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። አሁን የፓተርህ ፊት አንድ ዲግሪ ብቻ ወደ ቀኝ ዞሯል እንበል። በአንድ ሜትር ላይ ኳሷ ከመስመሯ የምትወጣው 1.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ትገባለች። በሦስት ሜትር ላይ ግን 5.2 ይሆናል፤ ዳሩ ላይ ደረሰች ማለት ነው። ከአንድ ሜትር ለመሳት እንግዲህ ሦስት ዲግሪ ገደማ መሳት አለብህ። ይሄ ትንሽ ስህተት አይደለም። ኳሷ የምትነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው በተነካችበት ቅጽበት የፓተሩ ፊት ወዴት እንዳየ ነው። እጅህ የተጓዘበት መንገድ ድርሻው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ፍጥነቱም አለ። ጠንክረህ ከመታህ ጉድጓዱ ይጠብብሃል። ፈጥና የምትሄድ ኳስ ዳሩን ነክታ ዘላ ታልፋለች፤ ቀስ ብላ የደረሰች ግን በዳርም ትወድቃለች።

ደግሞ ይህን ልብ በል፦ በአሜሪካ ፒጂኤ ቱር በሚባለው የባለሙያዎች ውድድር የሚጫወቱት፣ እንጀራቸው ጎልፍ የሆነ ሰዎች፣ ከ2.4 ሜትር የሚያስገቡት ግማሽ ያህሉን ነው። ከዚያ ርቀት ስትስት አትደንግጥ።

መንዜ (ሞላሌ) ሰኞ፣ ማታ 4፡50

ጎልፍ አላውቅም፤ ገና ግን አውቃለሁ። ዱላና ኳስ ያው ነው ብዬ ልግባ።

እኛ ጋ የገናውን ዱላ ከገበያ የሚገዛ የለም። ጫካ ገብተህ ከተፈጥሮው ጫፉ የጎበጠ ወይራ ወይ ክትክታ ትፈልጋለህ። ካጣህ እርጥቡን እሳት ላይ አሙቀህ ታጎብጠዋለህ። ልጣጩን ታነሳለህ፣ ቅቤ ታስነካዋለህ፣ በዓሉ እስኪደርስ ከእጅህ አይለይም። ከብት ስትጠብቅም ይዘኸው ነው የምትውለው። በዓሉ ሲደርስ ዱላው የክንድህ ቀጣይ ሆኗል። አንድ ዓመት የእኔ ተሰብሮ በአጎቴ ልጅ ዱላ ገባሁ። ዱላው ከእኔ የተሻለ ነበር፤ ወፍራም፣ ጥሩ ጉብጠት ያለው። ያን ቀን ሩሩን ስቼ መሬት ስመታ ዋልኩ። እጄ ቦታውን አያውቀውም።

ስለዚህ ዱላ ምንም አይደለም አትበሉ። ግን ውድ ስለሆነ አይደለም፤ ስለለመድከው ነው። አንተ ያንን ፓተር ስንት ዓመት ይዘኸዋል? እሱን ጥለህ ለውድድር እንግዳ ዱላ ልትይዝ ነው? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አንኮበር_ዱባይ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ሰላም የአገሬ ልጆች። አንኮበር ተወልጄ ዱባይ የጎልፍ ዕቃ መደብር ውስጥ ነው የምሠራው፤ ስድስተኛ ዓመቴ። ቀኑን ሙሉ ሰው ፓተር ሲሞክር ነው የማየው።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። አሜሪካዊውን ጎልፈኛ ስኮቲ ሼፍለርን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከመነሻው እስከ ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር) ድረስ የሚደርስበት አልነበረም፤ ፓቱ ግን ጉድ እያደረገው ነበር። መጋቢት 2024 ላይ ጭንቅላቱ ሰፊ የሆነ ፓተር ያዘ። ያን ሳምንት የአርኖልድ ፓልመርን ውድድር በአምስት ምት ልዩነት አሸነፈ፤ በሳምንቱ ፕሌየርስ የሚባለውን ውድድር፣ በሚያዝያ ደግሞ ከታላላቆቹ ውድድሮች አንዱን፣ ማስተርስን። ይህን ያየ ሰው ሁሉ መደብራችን መጥቶ ያንኑ ዓይነት ጠየቀ። እኔ ግን ለሁሉም የምነግራቸው ነገር አለ፤ ሼፍለር ከዚያ በፊት ጀምሮ ከፓት አሠልጣኝ ጋር ሲሠራ ነበር። ዱላው ብቻውን አልመጣም።

በተቃራኒው ታይገር ዉድስን ውሰዱ። ካሸነፋቸው 15 ታላላቅ ውድድሮች 14ቱን ያሸነፈው በአንድ ዓይነት ፓተር ነው፤ ከ1999 እስከ 2019። መንዜ ያልከው እውነት ነው።

ሰፊው ፓተር የሚረዳው እንዲህ ነው፦ ክብደቱ ወደ ዳርና ወደ ዳር ስለተከፈለ ኳሷን ከመሐሉ ውጪ ብትነካት እንኳ ጭንቅላቱ እንደ ቀጭኑ አይጠማዘዝም። ከላዩ ያለው ረጅም መስመርም ለማነጣጠር ያግዛል። ከዚህ በላይ ተአምር የለውም። የተጠማዘዘ እጅህን አያቃናልህም።

ደግሞ አንድ ነገር፤ በ2011 የወጣ ጥናት አለ፣ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ። ሰዎች በአንድ ፓተር እንዲመቱ ተደረገ። ለግማሾቹ "ይህ የቤን ከርቲስ ፓተር ነበር" ተባሉ፤ የ2003ቱን ኦፕን ያሸነፈው ማለት ነው። ለቀሩት ምንም አልተነገራቸውም። የተነገራቸው ጉድጓዱን ሳሉት ሲባሉ አስፍተው ሳሉት፤ ሲመቱም የበለጠ አስገቡ። ዱላው አንድ ነው፤ የተለየው የሰሙት ወሬ ነው። ወንድሜ፣ ሁለት ወር ደመወዝህን ከማውጣትህ በፊት ከጓደኛህ ተዋሰውና ሁለት ሳምንት ሞክረው።

ካዲ_ነበርኩ (ጠባሴ) ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡05

ይኸው! ልጄ አንኮበር፣ እግዜር ይስጥሽ። የእኔ ደንበኛ ሁለት ሳምንት ይህ ነበር። ሳይንሱም ልብ ነው አለ።

ስፖርት_መምህር (ሸዋ ሮቢት) ማክሰኞ፣ ቀን 6፡30

ጋሼ ትንሽ ይታገሡኝ። የዚህ ወንድም የሆነ ሌላ ጥናትም ነበር። በ2010 ጀርመኖች ለተማሪዎች "ይህች ኳስ ዕድለኛ ነች" እያሉ ሰጥተው ሲያስመቷቸው ብዙ አስገቡ ተብሎ ተወራ። በ2014 አሜሪካ ውስጥ በርከት ያለ ሰው ይዘው ሲደግሙት ግን ልዩነት አላገኙም። የቨርጂኒያውም ቢሆን አንድ ጥናት ነው፤ ቤት አይሠራበትም።

መተማመን የለም አላልኩም። ሰው በባዶ ሜዳ "እተማመናለሁ" ስላለ ግን መተማመን አይመጣም። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን ስንት ጊዜ "አይዟችሁ" ብያለሁ። ያልተለማመደው ልጅ አይዞህ ስለተባለ ከፍታ አይዘልም።

ጣርማበር_ጉም ማክሰኞ፣ ቀን 7፡00

ሮቤርቶ ባጂዮ በ1994 ጣሊያንን ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ያደረሰ ሰው ነው። በፍጻሜው ፍጹም ቅጣት ምቷን ከአግዳሚው በላይ የላካት ቴክኒክ ጎድሎት ነው? ጫማው ነው? አንዳንዴ ይሳታል። ያቺን የጥቅምቷን እርሳት።

ካዲ_ነበርኩ (ጠባሴ) ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

ጣርማበር ጥሩ ተናገርክ። እኔም ስለ አንድ ሰው ልጨምር። በርንሃርድ ላንገር የሚባል ጀርመናዊ ጎልፈኛ። በ1991 አውሮፓና አሜሪካ በቡድን በሚገጥሙበት በራይደር ካፕ የመጨረሻው ቀን፣ የመጨረሻው ጨዋታ፣ የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ 1.8 ሜትር የምትሆን ፓት ቀረችው። ብትገባ አውሮፓ ዋንጫውን ይዞ ይቀራል። ሳታት። አሜሪካኖች ጨፈሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ዱላውን ሰቅሎ ይቀር ነበር። ላንገር በሳምንቱ አገሩ ገብቶ ውድድር አሸነፈ። ይህን ሰውዬ ምን ትለዋለህ መምህር? ልብ አይደለም?

ስፖርት_መምህር (ሸዋ ሮቢት) ማክሰኞ፣ ማታ 2፡55

ልብ ነው ጋሼ። ግን የዚያኑ ሰውዬ ሌላውን ግማሽ ይጨምሩበት። ላንገር በአጭር ፓት ላይ እጅ ሳይታዘዝ የሚነጥቅበት ችግር ደጋግሞ ይዞታል። ዪፕስ ይሉታል፤ የበሬሳ ማዶ "የሌላ ሰው እጅ" ያለው እሱን ይመስላል። ታዲያ ላንገር "አይዞኝ" ብሎ አልተቀመጠም። አያያዙን ለወጠ። አንድ ጊዜ ግራ እጁን ዱላው ላይ ዝቅ አድርጎ፣ በቀኝ እጁ የግራ ክንዱን ከዱላው ጋር አንድ ላይ ጨብጦ ሁሉ ይመታ ነበር። ሰው አፉን ከፍቶ ነው ያየው። በኋላም ረጅም ፓተር ያዘ። ማስተርስን በ1985 አሸንፎ በ1993 ደገመው። ልቡን ያዳነው በእጁ በኩል ገብቶ ነው።

አንኮበር_ዱባይ ማክሰኞ፣ ማታ 4፡00

ረጅሙን ፓተር ደረት ላይ ደግፎ መምታት ግን ከ2016 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል፤ እንዳትሳሳት ብዬ ነው። ረጅሙን መያዝ ይቻላል፣ ገላህ ላይ መትከል ነው የማይቻለው።

የበሬሳ_ማዶ (ደብረ ብርሃን) ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡40

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ የጻፋችሁልኝን እያሰብኩ አንድ ነገር መጣልኝ፤ ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት። በዝርዝር ልጻፈው።

12፡30 ላይ ወጣሁ። የኅዳርን የደብረ ብርሃን ጠዋት ታውቁታላችሁ፤ ጣት ያደነዝዛል። ሣሩ በጠዛ ነጭ ሆኗል። ከጣሳው አንድ ሜትር ላይ ኳስ አስቀምጬ መታሁ። ኳሷ ጠዛውን እየጠረገች ሄደች። ከኋላዋ ጥቁር አረንጓዴ መስመር ቀረ፤ በእርሳስ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። መስመሩ ገና ከመጀመሪያዋ ስንዝር ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ አልታጠፈችም። ስትነሳም ቀኝ ነበረች።

በጣሳው ዙሪያ ቦታ እየቀየርኩ 20 መታሁ፤ መስመሮቹ እንዳይደራረቡብኝ። 13ቱ ወደ ቀኝ። አምስቱ ቀጥ ያሉ። ሁለቱ ወደ ግራ። ከ20ው ስምንት ናቸው የገቡት። ብቻዬን ነበርኩ፤ የሚያየኝ ሰው የለም፣ የፈራሁት ነገር የለም።

ከዚያ ታናሽ ወንድሜን ቀስቅሼ አወጣሁት። "አጠገቤ ቁም፤ በሳትኩ ቁጥር አሥር ብር እከፍልሃለሁ" አልኩት። ያልነካሁት ቦታ ላይ ሌላ 10 መታሁ። አሁንም ብዙዎቹ ወደ ቀኝ ናቸው፤ አቅጣጫው ያው ነው። የተለወጠው ርዝመታቸው ነው። ስድስቱ መስመሮች ጣሳው ጋ ሳይደርሱ አልቀዋል። ጫፋቸው ላይ ኳሷ ቆማለች። ብቻዬን ሳለሁ ያጠረች ሁለት ብቻ ነበረች።

ይህን ሳይ ዝም ብዬ ቆምኩ። ሁለት የተለያየ በሽታ ነው ያለብኝ።

ስፖርት_መምህር (ሸዋ ሮቢት) ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡15

ወንድሜ፣ ይህን ነገር ለተማሪዎቼ ላሳየው እፈልጋለሁ፤ እኛ ጋ ግን እንዲህ ያለ ጠዛ የለም፣ ሙቀት ነው። በጣም ጥሩ ነው የሠራኸው። እርጥብ ሣር ኳሷን እንደሚያዘገያት ብቻ አስብ፤ በደረቁ ከዚህ ትረዝማለች። ሁለቱም ጊዜ ጠዛ ስለነበረ ግን ንጽጽሩ ልክ ነው።

ቀኙ የእጅ ነው፤ ብቻህን ሳለህም ስለነበረ። እጥረቱ የጋሼ ነው፤ ሰው ሲቆም ነው የመጣው። ጋሼ፣ ግማሹን ረትተውኛል።

ካዲ_ነበርኩ (ጠባሴ) ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡40

እኔም ግማሹን ሰጥቼሃለሁ መምህር። 11 ዓመት ስሸከም ሰው ሲፈራ ዱላውን መሐል መንገድ ላይ እንደሚያስቆመው አይቻለሁ። ይጀምርና ይጸጸታል። ኳሷ ግማሽ ምት ነው የምታገኘው። የቀኙን ነገር ግን በዓይኔ ለይቼ አላውቅም ነበር፤ ሁሉንም ፍርሃት ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። ምናልባት ስንቱን ሰው "አይዞህ" እያልኩ ያላግባብ አስቸግሬአለሁ። ያ ያሳዝነኛል።

አንኮበር_ዱባይ ረቡዕ፣ ቀን 5፡10

ለቀኙ ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ እንደምትመታ ሆነህ ቁምና ሌላ ኳስ ከዓይንህ ሥር ልቀቃት። የት ነው የወደቀችው? ኳሷ ላይ ወይም ትንሽ ወደ አንተ ቢሆን ጥሩ ነው። ብዙ ወደ እግርህ ከቀረበች ወይ ካለፈች መስመሩን አጣመህ ነው የምታየው። ሁለተኛ፣ ኳሷ ከእግሮችህ አንጻር የት ነው ያለችው? የቀኝ እጅ ተጫዋች ኳሷን ወደ ቀኝ እግሩ ካስጠጋ የፓተሩ ፊት ገና ሳይመለስ ያገኛታል፤ ወደ ቀኝ ትወጣለች። ይህን ለማስተካከል አንድ ሳንቲም አያስወጣህም። ከተስተካከለ በኋላ ዱላ መግዛት ካማረህ ያኔ እናወራለን።

ስፖርት_መምህር (ሸዋ ሮቢት) ረቡዕ፣ ቀን 6፡20

እሱን ካየህ በኋላ ሁለት ችንካር ትከል። ከኳሷ 30 ሴንቲ ሜትር ፊት፣ በመካከላቸው 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት። ኳሷ ከ42.67 ሚሊ ሜትር ስለማታንስ በግራና በቀኝ የሚተርፋት ለአንድ እህል ያህል ነው። በችንካሮቹ መሐል ካለፈች ፊቱ ቀጥ ብሎ ነበር ማለት ነው፤ ከነካች ወዲያው ድምፁን ትሰማለህ። ጣሳውን ለጊዜው እርሳው። ከግማሽ ሜትር ጀምር፣ 20 በተከታታይ ስታሳልፍ አንድ ጫማ ወደ ኋላ ሂድ።

የበሬሳ_ማዶ (ደብረ ብርሃን) ዓርብ፣ ጠዋት 2፡10

እህት ዓለም አንኮበር፣ ኳሷ ነበረች። ከቀኝ እግሬ አውራ ጣት ትይዩ ነው የማስቀምጣት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም፤ ድሮ መሐል ነበር የማስቀምጣት። ወደ ግራ፣ ወደ መሐል ወሰድኳት። ዛሬ በጠዛው ላይ ከ20ው መስመር 12ቱ ቀጥ አሉ። አራት ወደ ቀኝ፣ አራት ወደ ግራ። ገና ነው፣ ግን ወደ አንድ በኩል መሄዷ ቀርቷል። ከችንካሩ ጋር ከግማሽ ሜትር 20ውን ለመጨረስ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

የገረመኝ ሌላው ነው። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ስመታ ያጠሩት ሦስት ብቻ ናቸው። ስለ ፍርሃቱ ምንም አላደረግሁም። ኳሷ ቀጥ ብላ እንደምትነሳ ሳየው እጄ መሐል ላይ መቆሙን ቀነሰ መሰለኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

ፓተሩን አልገዛም። ያው የድሮዬ ነው።

ካዲ_ነበርኩ (ጠባሴ) ዓርብ፣ ጠዋት 2፡50

ወንድምህ አሥር ብር የለመደ ቤተሰብ ነው፤ እሱን አትፈራውም። ቅዳሜ ጠዋት እኔ መጥቼ አጠገብህ እቆማለሁ። ዱላ ስታነሳ አንድም ቃል አልተነፍስም፤ እንደ ድሮዬ ባንዲራውን ይዤ ነው የምቆመው። አንተ ከመታህ በኋላ ቀና አትበል። ጣሳው ሲንኳኳ በጆሮህ ስማው። መስመሩን እኔ አይልሃለሁ።

ጠዛው ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው?

የበሬሳ_ማዶ (ደብረ ብርሃን) ዓርብ፣ ጠዋት 3፡00

ፀሐይ ከወጣች 2 ሰዓት ተኩል ላይ አይገኝም ጋሼ። 1 ሰዓት ላይ ይምጡ፤ ጋቢ ይደርቡ። እናቴ ቡና ታፈላለች።